የመክፈቻው ጨዋታና የስም ዝርዝሩ
ከአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ለክፍል ውይይት የቀረበ

ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍል የሚገባ መምህር ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ታላቅ የኳስ ግጥሚያ የተደረገ እንደ ሆነ፣ ደወል ተደውሎም እንኳ የተማሪዎቹ ክርክር አያልቅም። ማን አገባ፣ አሠልጣኙ እገሌን ለምን አሰለፈው፣ እገሌንስ ለምን ተጠባባቂ አደረገው፣ ዘንድሮ ዋንጫው የማን ነው ይባባላሉ። እኛ መምህራንም ብዙውን ጊዜ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገን «በቃ፣ ደብተር አውጡ» እንላለን። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ግን ያ ክርክር ራሱ የታሪክ ትምህርት መጀመሪያ ሊሆን እንደሚችል ነው። ቲፎዞ የሚከራከረው በሦስት ነገሮች ላይ ተመሥርቶ ነው፤ እነዚህም ውጤቱ፣ የተጫዋቾች ስም ዝርዝርና ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ወሬ ናቸው። የታሪክ ተማሪም ሥራው ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ቲፎዞ ሦስቱን ሲቀላቅላቸው፣ የታሪክ ተማሪ ግን አንዱን በሌላው መመዘን ያለበት መሆኑ ነው።

ምሳሌያችንን ከቅርብ አልወሰድንም። ከአገራችን ክለቦች አንዱን ብናነሣ ገና ስሙ ሲጠራ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ያጨበጭባል፣ ግማሹ ያፏጫል፤ ማስረጃ መመዘኑም ይቀራል። ስለዚህ ማናችንም ቲፎዞ ወዳልሆንንበት ሜዳ፣ ወደ አሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል መሄድን መርጠናል። የምንመረምረውም በ1970 የተደረገ አንድ የውድድር ዘመን መክፈቻ ጨዋታ ነው። ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ጨዋታው ጥቂት ማብራሪያ

አሜሪካውያን ፉትቦል የሚሉት እኛ እግር ኳስ የምንለውን አይደለም። ኳሱ ክብ ሳይሆን ሞላላና ጫፍና ጫፉ የሾለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በእጅ ይያዛል። በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። አጥቂው ወገን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱ ለባላጋራው ያልፋል። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መሥመር ያለፈ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል፤ ይህም ታችዳውን ይባላል። ከተጫዋቾቹ መካከል ዋናው በእያንዳንዱ ሙከራ ኳሱን በመጀመሪያ ተቀብሎ ለሯጮች የሚሰጠው ወይም በሩቁ የሚወረውረው ሲሆን፣ እርሱም ኳርተርባክ ይባላል።

ይህ ጨዋታ የተወለደው በተማሪዎች መካከል ነው። የመጀመሪያው የኮሌጆች ግጥሚያ ተብሎ የሚቆጠረው ኅዳር 6 ቀን 1869 የራትገርስና የፕሪንስተን ተማሪዎች ያደረጉት ሲሆን፣ ራትገርስ 6 ለ 4 አሸንፏል። በዚያን ዕለት በየወገኑ 25 ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ኳሱን ይዞ መሮጥም አይፈቀድም ነበር። ደንቡ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ከዚያ በኋላ ደረጃ በደረጃ ነው።

በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል የዩኒቨርሲቲ ቡድን ከስፖርት ቡድን በላይ ነው። ለምሳሌ አላባማ በተባለው ግዛት በብሔራዊው የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ የሚጫወት ቡድን ኖሮ አያውቅም። ገበሬው፣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛውና ነጋዴው፣ የዩኒቨርሲቲውን በር ረግጦ የማያውቀው ጭምር፣ የዩኒቨርሲቲውን ቡድን «የእኛ» ይለዋል። በጥር 1 ቀን 1926 አላባማ ሮዝ ቦል በተባለው ታላቅ ግጥሚያ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን 20 ለ 19 ባሸነፈ ጊዜ ድሉ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን የደቡብ ሁሉ ክብር ተደርጎ ተቆጥሯል።

በዚያን ዘመን ውድድሩ የሚጀምረው በመስከረም ነበር። የኮሌጅ ተጫዋች ተማሪ ስለሆነ ይመረቃል፤ በየዓመቱ አሮጌው ይሄዳል፣ አዲሱ ይመጣል። ስለዚህ ከመክፈቻው ጨዋታ በፊትና በኋላ የቲፎዞው ወግ ሁሉ በስም ዝርዝሩ ላይ ነው። ማን ተመረቀ፣ የማን ጉልበት ተጎዳ፣ አዲስ የመጣው ልጅ ለወግ ነው ወይስ ለሥራ እየተባለ ይጠየቃል። የመክፈቻው ድል የዓመቱ ሁሉ ምልክት ተደርጎ ይታያል። ይህ ልማድ ለምሳሌያችን መሠረት ስለሆነ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

የበርሚንግሃም ቅዳሜ

ቀኑ ቅዳሜ መስከረም 12 ቀን 1970 ነበር። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1963 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በየቤታችን የእንቁጣጣሹ አደይ አበባ ገና ያልጠወለገበት ዕለት ነበር። በዚያን ጊዜ የአላባማ ትልቋ ከተማ በነበረችው በበርሚንግሃም፣ ሊጅን ፊልድ በተባለው ሜዳ፣ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከምዕራብ የመጣውን የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ገጠመ።

የአላባማ አሠልጣኝ ፖል ብራያንት ነበሩ። በ1961፣ በ1964 እና በ1965 ቡድናቸውን ለአገር አቀፍ ሻምፒዮናነት ያበቁ ዝነኛ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ የ1969ኙ ዘመን በ6 ድልና በ5 ሽንፈት ስላለቀ ማጉረምረም ተጀምሮ ነበር፤ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ። የእንግዳው ቡድን አሠልጣኝ ጆን ማኬይ ሲሆኑ፣ ሁለቱ አሠልጣኞች ወዳጆች ነበሩ።

ሁለቱ ቡድኖች ወደ ሜዳ ሲገቡ ልዩነታቸው ከሩቅ ይታይ ነበር። የአላባማ ተሰላፊዎች በሙሉ ነጮች ነበሩ። በካሊፎርኒያው ቡድን ግን ኳርተርባኩ ጂሚ ጆንስ፣ ሯጮቹ ክላረንስ ዴቪስና ሳም ከኒንግሃም ሦስቱም ጥቁሮች ነበሩ። ለካሊፎርኒያው ዩኒቨርሲቲ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በ1925 ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ውስጥ የተቆጠረው ብራይስ ቴይለር ጥቁር ነበር። ክላረንስ ዴቪስ ደግሞ የተወለደው በዚያችው በበርሚንግሃም ነው። በተወለደባት ከተማ በእንግዳነት ተሰለፈ።

ጨዋታው በደቡብ ካሊፎርኒያ 42 ለ 21 አሸናፊነት ተፈጸመ። የዕለቱ ጀግና ለዋናው ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳም ከኒንግሃም ነበር። 12 ጊዜ ኳሱን ይዞ በመሮጥ 135 ያርድ ገፋ፤ ሁለት ታችዳውንም አገባ።

ወሬው እንዴት አደገ

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጨዋታ የተነገረው ታሪክ ከጨዋታው ይልቅ ገነነ። ታሪኩ እንዲህ ይላል፤ የአላባማ ቲፎዞዎች ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁሮች ሲጫወቱ አዩ፤ ከኒንግሃም ሲሮጥ አይተው ልባቸው ተለወጠ፤ አሠልጣኝ ብራያንትም ከጨዋታው በኋላ ወጣቱን ወደ ቡድናቸው ልብስ መለወጫ ክፍል ይዘውት ገብተው፣ የፉትቦል ተጫዋች ማለት እንዲህ ያለ ነው ብለው ለልጆቻቸው አሳዩአቸው፤ በማግስቱ የዘር አጥር ፈረሰ። ጥቂቶችማ ከዚህ አልፈው፣ ከኒንግሃም በአንድ ሰዓት ጨዋታ ያደረገውን ማርቲን ሉተር ኪንግ በ20 ዓመት አላደረጉትም እስከ ማለት ደርሰዋል።

ይህን ታሪክ ለሠልጣኞቻችን በነገርናቸው ጊዜ በጣም ወደዱት። እኛም ስንሰማው ወደነው እንደ ነበር አንሸሽግም። አጭር ነው፤ ጀግና አለው፤ በደስታ ያልቃል። ነገር ግን አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ። እስቲ መላ እንጨምርበት።

በመጀመሪያ የልብስ መለወጫ ክፍሉን ነገር እንመልከት። በዚያ ክፍል ውስጥ ሊሆኑ ይገባቸው የነበሩ ተጫዋቾች ኋላ ሲጠየቁ ቃላቸው አልገጠመም። ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ነገር አላየንም ብለዋል። ያን ያህል የሚያስደንቅ ነገር ተፈጽሞ ከነበረ፣ ክፍሉ ሙሉ ምስክር ሊኖረው በተገባ ነበር።

ሁለተኛው፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለው ቃል ነው። አላባማ ጥቁር ተጫዋች ካለው ቡድን ጋር የተጋጠመው በ1970 ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። በታኅሣሥ 1959 በፊላዴልፊያ ሊበርቲ ቦል በተባለው ግጥሚያ፣ ጥቁሩ ቻርሊ ጃነሬት ከተሰለፈበት የፔን ስቴት ቡድን ጋር ተጫውቶ 7 ለ 0 ተሸንፏል። በበርሚንግሃም ሜዳም ቢሆን ጥቁር ተጫዋቾች ያሉበት የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ1969 መጥቶ አላባማን 41 ለ 14 አሸንፎ ሄዷል። ስለዚህ የበርሚንግሃም ተመልካች ያን ቅዳሜ ያየው ነገር ቀድሞ ያላየው አልነበረም።

ሦስተኛው ማስረጃ የስም ዝርዝሩ ነው።

የስም ዝርዝሩ የሚናገረው

ቲፎዞ የስም ዝርዝርን የሚያነበው ነገ ማን እንደሚጫወት ለማወቅ ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ማን እንዳለና ማን እንደሌለ፣ ያለውስ መቼ እንደ ገባ ለማወቅ ያነበዋል።

የአላባማን የ1970 ዝርዝር ስናይ በተሰላፊዎቹ ውስጥ አንድም ጥቁር የለም። ነገር ግን በዚያች ምሽት ከተመልካቾቹ መካከል ዊልበር ጃክሰን የተባለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ተቀምጦ ነበር። ኦዛርክ ከምትባል የአላባማ ከተማ የመጣ ጥቁር ወጣት ሲሆን፣ በፉትቦል ተጫዋችነት ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል ካገኙ ጥቁሮች የመጀመሪያው ነው። በሜዳው ያልታየው በዘመኑ ደንብ ምክንያት ነበር፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በዋናው ቡድን እንዲጫወቱ በፉትቦል የተፈቀደው በ1972 ነውና። እንግዲህ ልብ እንበል። ከኒንግሃም በርሚንግሃም ሲደርስ ጃክሰን አስቀድሞ ፈርሞ ዩኒቨርሲቲው ገብቶ ነበር። ውጤት ከምክንያቱ አይቀድምም። ጨዋታው ለጃክሰን መግባት ምክንያት ሊሆን የማይችለው ስለዚህ ነው።

በቅርጫት ኳስም እንዲሁ በ1969 ዌንደል ሃድሰን የተባለ ጥቁር ወጣት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ገብቷል። የአላባማ ቡድን በሚወዳደርበት በደቡብ ምሥራቅ ምድብም ቢሆን ጥቁር ተጫዋች ማሰለፍ የተጀመረው በ1967 በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኔት ኖርዚንግተን ነበር። እርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በምድቡ ጨዋታ ከመሰለፉ አንድ ቀን በፊት፣ ጓደኛውና የመኝታ ክፍል ተጋሪው የነበረው ግሬግ ፔጅ በልምምድ ላይ በደረሰበት ጉዳት አልጋ ላይ ሰንብቶ ሞተ። ኖርዚንግተን በማግስቱ ከነኀዘኑ ወደ ሜዳ ወጣ። ይህ ወጣት በብዙው የቲፎዞ ወግ ውስጥ ስሙ አይነሣም።

ከዝርዝሩ ውጪ የቀሩት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በስም ዝርዝር ላይ የሌሉ ሰዎች በታሪክም እንዳልነበሩ ይቆጠራሉ። በሩን የገፉት ግን እነርሱ ናቸው።

በ1956 ኦተሪን ሉሲ የተባለች ጥቁር ሴት በፍርድ ቤት ውሳኔ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሦስት ቀን ብቻ እንደ ተማረች ረብሸኛ ሕዝብ በድንጋይና በእንቁላል አሳደዳት፤ ዩኒቨርሲቲውም ለደኅንነቷ በሚል አገዳት፤ ኋላም አባረራት። በሰኔ 11 ቀን 1963 አገረ ገዢው ጆርጅ ዋላስ ቪቪያን ማሎንና ጄምስ ሁድ የተባሉትን ጥቁር ተማሪዎች ላለማስመዝገብ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሙ። ተማሪዎቹ የገቡት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የግዛቲቱን ብሔራዊ ዘብ በፌዴራል መንግሥት ትእዛዝ ሥር ካደረጉ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም 15 ቀን በበርሚንግሃም የ16ኛው መንገድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በተጠመደ ቦምብ አራት ልጃገረዶች ተገደሉ። በ1970 ያ ሁሉ ሕዝብ ጨዋታ የተመለከተባት ከተማ ይህች ናት።

ወደ ፉትቦሉ ስንመለስ፣ በ1967 አምስት ጥቁር ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል ሳይሰጣቸው ወደ አላባማው ቡድን ልምምድ ሄደው ለመሞከር ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ስማቸው ዶክ ሮን፣ አንድሩ ፐርነል፣ አርተር ደኒንግ፣ ሜልቪን ለቨረትና ጀሮም ታከር ይባላል። ከአምስቱ አንዱም በውድድር ጨዋታ ላይ አልተሰለፈም። ውጤት ብቻ የሚቈጥር ሰው እነዚህን ልጆች ከቁጥር አያስገባቸውም። ነገር ግን እንደ ማንኛውም ተማሪ የመሞከር መብት አለን ብለው በዚያ ዘመን ወደዚያ ሜዳ መሄዳቸው ቀላል ድፍረት አልነበረም።

በ1969 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተማሪዎች ማኅበር ክስ መሠረተ። አቤቱታው አሠልጣኙና ዩኒቨርሲቲው ነጭ ተጫዋቾችን ለማምጣት የሚደክሙትን ያህል ለጥቁሮቹ አልደከሙም የሚል ነበር። ጠበቃቸው ዩ. ደብልዩ. ክሌመን የተባሉ ወጣት ጥቁር ሰው ነበሩ። አሠልጣኝ ብራያንትም በክሱ ቃላቸውን በመሐላ ሰጥተዋል። ጠበቃው ኋላ በ1980 በአላባማ የመጀመሪያው ጥቁር የፌዴራል ዳኛ ሆነዋል። ይህ ክስ የተመሠረተው ከበርሚንግሃሙ ጨዋታ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ መሆኑን ልብ ይሏል።

ታዲያ አንድ ሰው የዘር አጥሩን ያፈረሰው አንድ ሯጭ ነው ሲል፣ ሳያውቀው ሦስት ቀን ተምራ የተባረረችውን ሴት፣ አምስቱን ልጆችና ከሳሾቹን ከታሪክ ይሰርዛል። የሚያስቈጨን ይህ ነው። ፍትሕ በትግል ሳይሆን በአንድ ምሽት መገረም ይመጣል ብለን ለተማሪ ካስተማርን፣ ያስተማርነው ታሪክ ሳይሆን ተረት ነው።

ታዲያ ጨዋታው ከንቱ ነበርን?

አልነበረም። ሚዛን ማለት አንዱን ወገን ብቻ መጫን አይደለም። የሰው አእምሮ ሕግ ሲወጣ ወዲያው አይለወጥም። ብዙ ቲፎዞዎች ያን ምሽት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የተነጋገሩት ስለ መብት ሳይሆን ስለ ስም ዝርዝር ነበር ብሎ ማሰብ አያስቸግርም። እንዲህ ያሉ ልጆች በየከተማችን እያሉ ሌላ ቡድን ሲወስዳቸው ዝም ብለን እናያለን ወይ ብሎ መጠየቅ፣ በፍትሕ ፍቅር ባይሆንም በድል ፍቅር ወደ እውነቱ መቅረብ ነው። ጨዋታው በሩን አልከፈተም፤ ነገር ግን ለመከፈት የጀመረውን በር ለመዝጋት የሚፈልጉትን ሰዎች ክርክር ሳያዳክም አልቀረም።

በቀጣዩ ዓመት የሆነውም ይህን ያሳያል። በመስከረም 10 ቀን 1971 አላባማ የዘመኑን መክፈቻ ለመጫወት ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ያንኑ የደቡብ ካሊፎርኒያን ቡድን 17 ለ 10 አሸነፈ። በዚህ ጊዜ በዝርዝሩ ላይ ዊልበር ጃክሰን ነበረ፤ ከሌላ ኮሌጅ የተዛወረው የሞቢል ከተማ ልጅ ጆን ሚቸልም ነበረ። ሚቸል በ1972 ከቡድኑ አምበሎች አንዱ ሆነ፤ በ1973 ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ረዳት አሠልጣኝ ሆነ። ጃክሰን በ1974 በፕሮፌሽናል ቡድኖች ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ተመረጠ።

አላባማ በ1971 ከአንድ ጨዋታ በቀር ሁሉንም አሸነፈ። ይህስ የሁለቱ ጥቁር ተጫዋቾች ሥራ ነበርን? እንዲህ ማለትም ስሕተት ነው። አሠልጣኙ በዚያው ዓመት የጨዋታ ስልታቸውን ከሥር ለውጠው፣ ዊሽቦን የሚባለውን በሩጫ ላይ የተመሠረተ አሰላለፍ ጀምረው ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ታላቅ ለውጥ የአንድ ክር ሥራ አይደለም።

የመክፈቻ ድል የዓመቱ ምልክት ነው የሚለውን የቲፎዞ እምነትም እንፈትነው። ያን ምሽት 42 ያገባው የደቡብ ካሊፎርኒያ ቡድን ዓመቱን የፈጸመው በ6 ድል፣ በ4 ሽንፈትና በ1 አቻ ነው። የተሸነፈው አላባማ ደግሞ 6 አሸንፎ፣ 5 ተሸንፎ፣ በ1 አቻ ወጥቷል። አሸናፊውና ተሸናፊው በዓመቱ መጨረሻ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ብዙ ያስወራል እንጂ ብዙ አይተነብይም።

ለውጡ በአንድ ሌሊት እንዳልተፈጸመም ሌላ ማስረጃ አለ። ኮንድሬጅ ሆሎዌይ የተባለ ጥቁር ወጣት ከሃንትስቪል፣ አላባማ ነበር። ኋላ ራሱ እንደ ተናገረው፣ አሠልጣኝ ብራያንት አላባማ ጥቁር ኳርተርባክ ለመቀበል ገና አልተዘጋጀችም ብለው በግልጽ ነገሩት። እርሱም ወደ ቴነሲ ሄዶ በ1972 በምድቡ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። ጥቁር ሯጭ ተፈቅዶ ቡድኑን የሚመራ ጥቁር ግን አልተፈቀደም ማለት ነው። አጥር ሲፈርስ በሙሉ አይፈርስም፤ መጀመሪያ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ በር ይሆናል።

አንድ የተረሳ ወገን

ምርመራችንን ከመዝጋታችን በፊት ስለ ጥቁሮቹ ኮሌጆች ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ጥቁሮች ለራሳቸው ኮሌጆች ከ1892 ጀምሮ ፉትቦል ይጫወቱ ነበር። በሉዊዚያና በሚገኘው ግራምብሊንግ ኤዲ ሮቢንሰን ከ1941 እስከ 1997 አሠልጣኝ ሆነው 408 ጨዋታ አሸንፈዋል። በፍሎሪዳም ጥቁሮች የሚማሩበት የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ቡድን በኅዳር 1969 በነጮች የተሞላውን የታምፓ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 34 ለ 28 አሸንፏል። ይህ ከበርሚንግሃሙ ጨዋታ አሥር ወር ያህል ቀድሞ፣ በደቡብ ምድር፣ በጥቁር አሠልጣኝ የሚመራ ቡድን ያገኘው ድል ነው።

ታላላቆቹ የነጮች ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ሲከፍቱ፣ ምርጥ ጥቁር ተጫዋቾች ገንዘብና ትልቅ ሜዳ ወዳለበት ሄዱ፤ የጥቁሮቹ ኮሌጆች ቡድኖችም ቀስ በቀስ ተዳከሙ። መብት መገኘቱ መልካም ነው፤ ዋጋ እንዳስከፈለም መናገር ግን የታሪክ ግዴታ ነው።

ለክፍል ሥራ

መምህራን ይህን ምሳሌ በሁለት ክፍለ ጊዜ ሊያስተምሩት ይችላሉ። በመጀመሪያው ቀን የቲፎዞውን ታሪክ ብቻ፣ ጀግናውንና የልብስ መለወጫ ክፍሉን ጨምሮ፣ ያለ አንዳች ነቀፋ ይንገሩ። ተማሪዎቹ ይውደዱት። በሁለተኛው ቀን ዓመታቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ 1956፣ 1959፣ 1963፣ 1967፣ 1969፣ 1970፣ 1971። ከዚያም የሚከተሉትን ይጠይቁ።

1. ከጨዋታው በፊት የተፈጸሙት የትኞቹ ናቸው? ከጨዋታው በኋላስ?
2. ጨዋታው ባይደረግ ኖሮ ዊልበር ጃክሰን በ1971 ይሰለፍ ነበርን? ለመልስህ ማስረጃህ ምንድን ነው?
3. የልብስ መለወጫ ክፍሉን ታሪክ ሰዎች ለምን የወደዱት ይመስልሃል? ታሪኩ ማንን ያስመሰግናል? ማንንስ ያስረሳል?
4. በሠፈርህ ስለሚወደድ አንድ ቡድን የሚነገር ታሪክ ምረጥ። ከሽማግሌዎች ጠይቅ፤ ከዚያም ከቆየ የስም ዝርዝር፣ ከፎቶግራፍ ወይም ከጋዜጣ ጋር አመሳክረው።

አራተኛውን ጥያቄ ለሠልጣኞቻችን በሰጠን ጊዜ አንዱ ሠልጣኝ ከአጎቱ ቤት ግድግዳ ላይ የወረደ የቡድን ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። አጎቱ ሁልጊዜ ስለ አንድ ጎል አግቢ ብቻ ይተርኩ ነበር። ልጁ ግን በፎቶግራፉ ጥግ የቆመውን፣ ኳስ የታቀፈውን፣ ማንም ስሙን የማያውቀውን ሰው ጠቁሞ «ይህስ ማን ነበር?» አለን። በክፍላችን ታሪክ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ሳም ከኒንግሃም በመስከረም 2021 ዐረፈ። በ12 ሩጫ 135 ያርድ መግፋቱ እውነት ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ኦተሪን ሉሲም በ1992 ካባረራት ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ትምህርት የማስተርስ ዲግሪዋን ተቀብላ፣ በመጋቢት 2022 ዐረፈች። እርሷም እንደ እኛ መምህር ነበረች። ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቻችን ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ሲከራከሩ ብንሰማ፣ ደብተር አውጡ ከማለታችን በፊት አንድ ጥያቄ ብንጠይቃቸው መልካም ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ስሙ ሳይጻፍ የቀረው ማን ነው?